የቅድመ በረራ ፍተሻ ግድፈትና የበረራ ደኅንነት

የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ርእሰ ከተማ አሶሳ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፣ በአየር ቀጥታ መስመር ከ470 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ትገኛለች። በወለጋ በኩል የሚደረገው የየብስ ጉዞ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሸፍን ሲሆን፣ ከ2011 ዓ.ም ወዲህ በነበሩት ዓመታት መንገዱ በጸጥታ ችግር ምክንያት በተለያዩ ጊዜያት ሲቋረጥ ቆይቷል። መንገዱ በተዘጋባቸው ጊዜያት ክልሉን ከመሐል አገር ጋር በማገናኘት ረገድ የአውሮፕላን በረራ የነበረው ድርሻ ከፍተኛ ነበር።

ለከፍተኛ ሕክምና የሚላክ ሕመምተኛ፣ ለስብሰባ የተጠራ የሥራ ኃላፊ፣ ለፕሮጀክት ሥራ የሚመላለስ ባለሙያና ለቤተሰብ ጉዳይ የሚጓዝ ነዋሪ በአንድነት የሚሳፈሩበት አውሮፕላን ከመነሣቱ በፊት አንድ አጭር ሥራ ይከናወናል። ከአብራሪዎቹ አንዱ በአውሮፕላኑ ዙሪያ በእግሩ እየተዘዋወረ ጎማውን፣ ሞተሩን፣ ክንፉንና ጅራቱን ይመለከታል። ሌላው በአብራሪዎች ክፍል ውስጥ መሣሪያዎቹን አንድ በአንድ ያረጋግጣል። ይህ ሥራ የቅድመ በረራ ፍተሻ በመባል ይታወቃል።

ፍተሻው ለመንገደኛው እምብዛም አይታይም፤ የሚፈጀው ጊዜም ረጅም አይደለም። ይሁን እንጂ በዚህ አጭር ጊዜ ውስጥ የታለፈ አንድ ቁራጭ ፕላስተር፣ ያልተነሣ አንድ መሸፈኛ ወይም ወደ ቦታው ያልተመለሰ አንድ መቆጣጠሪያ የብዙ ሰዎችን ሕይወት እስከማጥፋት እንደሚደርስ የዓለም የአቪዬሽን ታሪክ በተደጋጋሚ አሳይቷል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት አደጋዎች የሚያመሳስላቸው ነገር ባለሙያዎቹ ፍተሻውን የማያውቁ አለመሆናቸው ነው። ችግሩ የሚያውቁትንና ብዙ ጊዜ የሠሩትን ሥራ በዚያች ዕለት ሳያዩ ማለፋቸው፣ ወይም ያልተሠራውን እንደተሠራ መቁጠራቸው ነበር።

የፍተሻው ምንነትና ክፍሎች

የቅድመ በረራ ፍተሻ ከጥገና የተለየ ነው። ጥገና በተወሰነ የበረራ ሰዓት ወይም የጊዜ ልዩነት ፈቃድ ባላቸው የጥገና ባለሙያዎች የሚከናወን ሥራ ነው። የቅድመ በረራ ፍተሻ ደግሞ አውሮፕላኑ በዚያች ሰዓት ለታቀደው በረራ ብቁ መሆኑ የሚረጋገጥበት የመጨረሻው የምድር ላይ ሥራ ነው። በጥገና፣ በጽዳት፣ በነዳጅ መሙላት ወይም በጭነት ሥራ ላይ የተፈጠረ ስሕተት ካለ አውሮፕላኑ ከመነሣቱ በፊት ሊያዝ የሚችለው በዚህ ደረጃ ነው።

ሥራው በአራት ክፍሎች ሊታይ ይችላል። የመጀመሪያው የሰነድ ፍተሻ ነው። አብራሪዎቹ የአውሮፕላኑን የቴክኒክ መዝገብ በማንበብ በቀደሙት በረራዎች የተመዘገበ ብልሽት መኖር አለመኖሩን፣ ካለም መጠገኑንና በኃላፊው ባለሙያ መፈረሙን ያረጋግጣሉ። ጥገናው ለሌላ ጊዜ የተላለፈ ጉድለት ሲኖር፣ ያለዚያ መሣሪያ መብረር የተፈቀደ መሆኑን በጸደቀው ዝርዝር ይመለከታሉ።

ሁለተኛው የውጭ ዙሪያ ፍተሻ ነው። በዚህ ጊዜ ጎማዎች፣ ፍሬን፣ የማረፊያ እግሮች፣ የሞተር አፍ፣ ፕሮፔለር፣ የክንፍና የጅራት ተንቀሳቃሽ አካላት፣ መብራቶች፣ በሮችና ክዳኖች ይታያሉ። የዘይት፣ የነዳጅ ወይም የሃይድሮሊክ ፈሳሽ የሚያንጠባጥብ ቦታ መኖር አለመኖሩ ይጣራል። አውሮፕላኑ ቆሞ በቆየበት ጊዜ የተደረጉ መሸፈኛዎችና ማገጃዎች መነሣታቸውም የሚረጋገጠው በዚሁ ዙር ነው። በእነዚህ መሸፈኛዎች ላይ ከበረራ በፊት እንዲነሡ የሚያሳስብ ጽሑፍ ያለበት ቀይ ጨርቅ የሚንጠለጠለው ከሩቅ እንዲታዩ ታስቦ ነው።

ከውጭ አካላት መካከል በመጠን አነስተኛ፣ በሥራቸው ግን ወሳኝ የሆኑት የፒቶት ቱቦዎችና የስታቲክ ቀዳዳዎች ናቸው። የፒቶት ቱቦ ከፊት የሚመጣውን የአየር ግፊት ሲቀበል፣ የስታቲክ ቀዳዳ በአውሮፕላኑ ዙሪያ ያለውን የአየር ግፊት ይቀበላል። የአውሮፕላኑ ፍጥነት ከሁለቱ ግፊቶች ልዩነት፣ ከፍታው ደግሞ ከስታቲክ ግፊት ይሰላል። ቱቦው ወይም ቀዳዳው ከተደፈነ ሞተሩም ክንፉም ደኅና ሆነው ሳሉ አብራሪው የሚያነበው ቁጥር የተሳሳተ ይሆናል። በሌሊት ወይም በደመና ውስጥ ደግሞ አብራሪው ከመሣሪያዎቹ ሌላ የሚመራበት ነገር የለውም።

ሦስተኛው ክፍል በአብራሪዎች ክፍል ውስጥ የሚከናወነው ፍተሻ ነው። ማብሪያና ማጥፊያዎች በተገቢው ቦታ ላይ መሆናቸው፣ የማስጠንቀቂያ መሣሪያዎች መሥራታቸው፣ የአውሮፕላኑ መሪ በሁሉም አቅጣጫ እስከ መጨረሻው ያለ ችግር መንቀሳቀሱ ይረጋገጣል። አራተኛው የጉዞ ዝግጅት ሲሆን፣ የአየር ሁኔታ መረጃን፣ ስለ አውሮፕላን ማረፊያዎች ለአብራሪዎች የወጡ ማስታወቂያዎችን፣ የመንገደኛና የጭነት ክብደትን እንዲሁም የነዳጅ መጠንን ያጠቃልላል።

የፍተሻ ዝርዝር አጀማመር

በጽሑፍ የሰፈረ የፍተሻ ዝርዝር፣ በተለምዶ ቼክሊስት የሚባለው፣ በአቪዬሽን ውስጥ ሥር የሰደደው ከአንድ አደጋ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ ኦክቶበር 30 ቀን 1935 በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት በራይት ፊልድ ሞዴል 299 የተባለው ባለ አራት ሞተር የቦይንግ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን በሙከራ በረራ ላይ ሳለ ወደ ላይ ቀጥ ብሎ ከወጣ በኋላ ተመልሶ ወደቀና ተቃጠለ። የሠራዊቱ አብራሪ ሜጀር ፕሎየር ሂልና የኩባንያው ዋና የሙከራ አብራሪ ሌስሊ ታወር በአደጋው ምክንያት ሕይወታቸው አልፏል።

ምርመራው በአውሮፕላኑ ላይ የሞተርም ሆነ የአካል ብልሽት አላገኘም። አውሮፕላኑ በቆመበት ጊዜ ነፋስ ተንቀሳቃሽ አካላቱን እንዳያንገላታ የሚደረገው ቁልፍ ከመነሣቱ በፊት ሳይከፈት ቀርቶ ነበር። አብራሪዎቹ ልምድ ያላቸው ስለነበሩ ተጨማሪ ሥልጠና መፍትሔ ሊሆን እንደማይችል ታመነ። አውሮፕላኑ በአንድ ሰው ትውስታ ብቻ ሊያዙ የማይችሉ ብዙ ተግባራት ስለነበሩት፣ ከመነሣት በፊት፣ በበረራ ላይና ከማረፍ በፊት የሚከናወኑት ሥራዎች በአጭር ዝርዝር ተጽፈው በቃል እየተነበቡ እንዲረጋገጡ ተደረገ። ይኸው አሠራር ዛሬ በመላው ዓለም የአየር መንገዶች የጋራ ሥርዓት ሆኗል።

ጥቃቅን ግድፈቶች፣ ከባድ ውጤቶች

እ.ኤ.አ ኦክቶበር 2 ቀን 1996 ከፔሩ ዋና ከተማ ሊማ ወደ ቺሊ የተነሣው የኤሮፔሩ ቦይንግ 757 አውሮፕላን በሌሊት በፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ተከስክሶ 70 ሰዎች በሙሉ ሞተዋል። አውሮፕላኑ ሲታጠብ የስታቲክ ቀዳዳዎቹ በፕላስተር ተሸፍነው ነበር። ሠራተኛው ከሥራው በኋላ ፕላስተሩን ሳያነሣ ቀረ፤ ከዚያ በኋላ የተደረገው የባለሙያና የአብራሪ ፍተሻም አላየውም። የፕላስተሩ ቀለም ከአውሮፕላኑ ገላ ጋር የተመሳሰለ መሆኑ ለመታለፉ አስተዋፅኦ አድርጓል። አብራሪዎቹ ትክክለኛውን ከፍታና ፍጥነት ማወቅ ተስኗቸው እርስ በርሳቸው በሚቃረኑ ማስጠንቀቂያዎች መካከል ከቆዩ በኋላ አውሮፕላኑ ከባሕሩ ጋር ተጋጭቷል።

በዚያው ዓመት ፌብሩዋሪ 6 ቀን ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ ፖርቶ ፕላታ ከተማ የተነሣው የቢርገንኤር ቦይንግ 757 አውሮፕላን ተከስክሶ 189 ሰዎች ሞተዋል። አውሮፕላኑ ለቀናት ሳይበር የቆመ ሲሆን፣ የፒቶት ቱቦዎቹ በቆመበት ጊዜ አልተሸፈኑም ነበር። ከቱቦዎቹ አንዱ ተደፍኖ የካፒቴኑ የፍጥነት መለኪያ የተሳሳተ ቁጥር አሳይቷል። መርማሪዎች ለመደፈኑ ምክንያት ይሆናል ብለው የገመቱት በጭቃ ጎጆ የሚሠራ የተርብ ዓይነት ነው። የመለኪያው አለመሥራት አውሮፕላኑ ገና በመንደርደር ላይ ሳለ የታወቀ ቢሆንም በረራው ከመቋረጥ ይልቅ ቀጥሏል።

የዚህ ተቃራኒ የሆነ ክስተት እ.ኤ.አ ጁላይ 18 ቀን 2018 በአውስትራሊያ ብሪዝበን ከተማ ተፈጽሟል። በዚያ አውሮፕላን ማረፊያ ተርቦች ቱቦ የመድፈን ልማድ ስላላቸው የማሌዥያ አየር መንገድ ኤርባስ ኤ330 አውሮፕላን የፒቶት ቱቦዎች ተሸፍነው ነበር። መሸፈኛዎቹ ሳይነሡ አውሮፕላኑ በሌሊት ተነሣ፤ አብራሪዎቹም አስተማማኝ የፍጥነት መረጃ ሳይኖራቸው ተመልሰው በሰላም አርፈዋል። ከተርብ ለመጠበቅ የተደረገው መሸፈኛ ራሱ የአደጋ ምንጭ ሊሆን የበቃው የማንሣቱን ኃላፊነት እያንዳንዱ ወገን ሌላው ይፈጽመዋል ብሎ በመተው ነው።

እ.ኤ.አ ኦገስት 14 ቀን 2005 ከቆጵሮስ የተነሣው የሄሊዮስ አየር መንገድ ቦይንግ 737 አደጋ ደግሞ በአብራሪዎች ክፍል ውስጥ የሚደረገውን ፍተሻ ይመለከታል። በዋዜማው ሌሊት ጥገና ያደረጉ ባለሙያዎች የመንገደኞችን ክፍል የአየር ግፊት የሚቆጣጠረውን መምረጫ በእጅ በሚሠራበት ቦታ ላይ ትተውት ነበር። አብራሪዎቹ ከመነሣታቸው በፊትና ከተነሡ በኋላ ባደረጓቸው ፍተሻዎች መምረጫውን አላስተዋሉትም። አውሮፕላኑ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር በውስጡ ያለው አየር እየሳሳ ሄዶ አብራሪዎቹ ራሳቸውን ሳቱ። አውሮፕላኑ በግሪክ ከአቴንስ አቅራቢያ ተከስክሶ የተሳፈሩት 121 ሰዎች ሞተዋል።

የነዳጅ ስሌትም ከፍተሻው ውጭ አይደለም። እ.ኤ.አ ጁላይ 23 ቀን 1983 የኤር ካናዳ ቦይንግ 767 አውሮፕላን በአየር ላይ ሳለ ነዳጁን ጨርሷል። አየር መንገዱ ከፓውንድ ወደ ኪሎ ግራም የመለኪያ ሥርዓት በሚሸጋገርበት ወቅት ሒሳቡ በአሮጌው ማባዣ በመሠራቱ፣ የተሞላው ነዳጅ ከሚያስፈልገው ግማሽ ያህል እንኳ አልነበረም። አብራሪዎቹ ሞተር አልባውን አውሮፕላን ጊምሊ በተባለ የቀድሞ የጦር ሰፈር ማረፊያ ላይ ማሳረፍ በመቻላቸው የተሳፈሩት 69 ሰዎች ተርፈዋል። ቁጥሩን ከአንድ በላይ ሰው ተመልክቶት የነበረ ቢሆንም ሁሉም ያረጋገጡት ማባዛቱን እንጂ ማባዣውን አልነበረም።

ግድፈት ለምን ይፈጠራል?

ከእነዚህ አደጋዎች የሚወጣው የመጀመሪያው ምክንያት ልማድ ነው። አንድ ባለሙያ አንድን መሸፈኛ ወይም ክዳን መቶ ጊዜ አይቶ መቶ ጊዜ ደኅና ሆኖ ካገኘው፣ በመቶ አንደኛው ዓይኑ የሚያየው በፊቱ ያለውን ሳይሆን የጠበቀውን ይሆናል። እ.ኤ.አ በ2010 የታተመ የአሜሪካ የሕዋ አስተዳደር ናሳ ጥናት ተመራማሪዎች በአብራሪዎች ክፍል ተገኝተው ከተከታተሏቸው 60 በረራዎች ውስጥ 899 ከተደነገገው አሠራር መዛነፎችን መዝግቧል። አብራሪዎቹ ብቃት ያላቸው ነበሩ፤ መዛነፎቹም በአብዛኛው ጉዳት አላስከተሉም። አሳሳቢ የሚሆነውም ይኸው ነው። ጉዳት ያላስከተለ መዝለል ሰውን ለሚቀጥለው መዝለል ያደፋፍረዋል።

ለዚህ ግልጽ ማስረጃ የሚሆነው እ.ኤ.አ ሜይ 31 ቀን 2014 በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት ቤድፎርድ ከተማ የደረሰው የገልፍስትሪም አውሮፕላን አደጋ ነው። ከ79 ዓመት በፊት በሞዴል 299 ላይ እንደሆነው ሁሉ፣ በቆመበት ጊዜ የተደረገው የነፋስ መከላከያ ቁልፍ ሳይከፈት ለመነሣት በተደረገው ሙከራ አውሮፕላኑ ከማኮብኮቢያው አልፎ በመቃጠሉ 7 ሰዎች ሞተዋል። የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ የአውሮፕላኑን የቀደመ መረጃ ሲመረምር፣ አብራሪዎቹ ካደረጓቸው 175 መነሣቶች ውስጥ የመሪውን ሙሉ ፍተሻ ያደረጉት በ2ቱ ብቻ እንደነበር አረጋግጧል። ቁልፉ ያልተከፈተው በአንድ ዕለት ነው፤ ፍተሻው የቆመው ግን ከዚያ ብዙ ቀደም ብሎ ነበር።

ሁለተኛው ምክንያት የሥራ መቋረጥ ነው። እ.ኤ.አ ሜይ 24 ቀን 2013 በለንደን ሂዝሮው የብሪቲሽ ኤርዌይስ ኤርባስ ኤ319 አውሮፕላን ሲነሣ የሁለቱም ሞተሮች ክዳኖች ተገንጥለው ወድቀዋል። የሌሊት ጥገና ባለሙያዎች ክዳኖቹን ሳይቆልፉ ዕቃ ለማምጣት ከሄዱ በኋላ የተመለሱት ወደ ሌላ አውሮፕላን ነበር። ጠዋት የተደረገው የአብራሪ ዙሪያ ፍተሻም ክዳኖቹ አለመቆለፋቸውን አላየም። አውሮፕላኑ የነዳጅ መፍሰስና የእሳት ቃጠሎ ቢደርስበትም 80ዎቹ ተሳፋሪዎችና ሠራተኞች በሰላም ተመልሰዋል።

ሦስተኛው ምክንያት በሌላው መተማመን፣ አራተኛው ጥድፊያ ነው። መንገደኛ ከተሳፈረና የመነሻ ሰዓት ካለፈ በኋላ የሚደረግ ፍተሻ የሚጠበቅበትን ትኩረት ላያገኝ ይችላል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ መሬት ላይ ለመቆጠብ የተሞከረ አምስት ደቂቃ አየር ላይ የማይመለስ ኪሣራ ሊያስከትል ይችላል። የሰው ልጅ የፈሰሰ እህል ሊለቅም ይችላል፤ በአየር ላይ የታወቀ ግድፈት ግን ሁልጊዜ ለመታረም ዕድል አይሰጥም።

የአሶሳና የአካባቢው ሁኔታ

በአሶሳ የፍተሻውን አስፈላጊነት የሚያጎሉ የተፈጥሮ ሁኔታዎች አሉ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ ሲሆን፣ ከዝናቡ ወቅት በፊት ባሉት ወራት ሙቀቱ ከፍ ይላል። ከፍታና ሙቀት አንድ ላይ ሲሆኑ አየሩ ይሳሳል። በ1,500 ሜትር ከፍታ መደበኛው የአየር ሙቀት 5 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ነው ተብሎ ይወሰዳል። በዚያ ከፍታ ሙቀቱ 32 ዲግሪ ቢሆን፣ አውሮፕላኑ የሚያገኘው አየር 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ካለው ጋር ይመሳሰላል። በዚህ ጊዜ ክንፉ የሚያነሣው ክብደት ይቀንሳል፤ ለመነሣት የሚያስፈልገው የማኮብኮቢያ ርዝመትም ይጨምራል። በመሆኑም በጠዋቱ ቅዝቃዜ የተሠራ የክብደት ስሌት ለቀትሩ በረራ ሊያገለግል አይችልም።

የክልሉ ዝናብ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ባሉት ወራት የሚዘልቅ በመሆኑ የደመና፣ የነጎድጓድና የርጥብ ማኮብኮቢያ ጉዳይ በየዕለቱ የሚጣራ ነው። እርጥበት ባለበት አካባቢ በነዳጅ ውስጥ ውኃ መኖር አለመኖሩን ከታንኩ ግርጌ ናሙና እየቀዱ ማየት በተለይ ለትናንሽ አውሮፕላኖች የፍተሻው አካል ነው። ክረምቱ ሲወጣ ደግሞ በአካባቢው በየዓመቱ የሚታየው የሣርና የቁጥቋጦ ቃጠሎ ጭስ የአብራሪዎችን የዕይታ ርቀት ይቀንሳል።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ2002 ዓ.ም ጀምሮ ለአገር ውስጥ በረራ ያሰማራቸው ኪው 400 አውሮፕላኖች ባለፕሮፔለር ናቸው። ፕሮፔለር ከመሬት የሚነሣ ጠጠር ሊመታው ስለሚችል ስለቱ ላይ ጭረት ወይም ስንጥቅ መኖር አለመኖሩ በዙሪያ ፍተሻ ይታያል። በአዲስ አበባ ቦሌ ሃንጋር፣ መለዋወጫና ብዙ ባለሙያ አለ። ከዋናው የጥገና ማዕከል ርቆ በሚገኝ ማረፊያ ግን ከመልስ በረራው በፊት አውሮፕላኑን በቅርብ የሚያየው ዓይን ቁጥሩ አነስተኛ ነው። አንድ ሰው በዙሪያው የሚያደርገው ዙር በቦሌ ከሚኖረው የበለጠ ክብደት የሚኖረውም ለዚህ ነው።

ከባሕር ዳር አደጋ የሚገኝ ትምህርት

ፍተሻ በአውሮፕላኑ ብቻ አይወሰንም። አውሮፕላኑ የሚንደረደርበት ሜዳም መፈተሽ አለበት። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም የኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 604 ቦይንግ 737 አውሮፕላን ከባሕር ዳር ወደ አሥመራ ሲነሣ ከርግቦች መንጋ ጋር ተጋጨ። ወፎቹ በሁለቱም ሞተሮች ውስጥ ገብተው ጉዳት አደረሱ። አብራሪዎቹ ለመመለስ ጥረት በማድረግ ላይ ሳሉ ሞተሮቹ ኃይላቸውን በማጣታቸው አውሮፕላኑ ከማረፊያው ውጭ፣ የማረፊያ እግሮቹን ሳይዘረጋ በሜዳ ላይ አርፎ በእሳት ተያያዘ። ከተሳፈሩት 104 ሰዎች መካከል 35ቱ ሕይወታቸውን አጥተዋል።

እ.ኤ.አ ጁላይ 25 ቀን 2000 በፓሪስ የደረሰው የኮንኮርድ አውሮፕላን አደጋም ከሜዳ ፍተሻ ጋር የተያያዘ ነው። ከደቂቃዎች በፊት ከተነሣ ሌላ አውሮፕላን የወደቀ ቁራጭ ብረት የኮንኮርዱን ጎማ በመቅደዱ በተከታታይ በደረሰው ጉዳትና ቃጠሎ በአውሮፕላኑ የነበሩትና በምድር ላይ የነበሩ 4 ሰዎችን ጨምሮ 113 ሰዎች ሞተዋል። በዚያ ዕለት ከቀትር በኋላ ሊደረግ ታቅዶ የነበረው የማኮብኮቢያ ፍተሻ አለመከናወኑ በምርመራው ተመልክቷል።

ለአሶሳና በክልል ከተሞች ለሚገኙ ሌሎች ማረፊያዎች ይህ ትምህርት ቀጥተኛ ትርጉም አለው። አዕዋፍ፣ የቤት እንስሳትና የዱር አራዊት ወደ ሜዳው የሚገቡት አጥር ሲላላ፣ ሣር ሲረዝምና የሚበሉት ነገር በአቅራቢያ ሲገኝ ነው። የዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት መመሪያ ከአውሮፕላን ማረፊያ በ13 ኪሎ ሜትር ዙሪያ የሚገኙ አዕዋፍን የሚስቡ ሁኔታዎች እንዲጤኑ ያሳስባል። የቆሻሻ መጣያ ወይም የቄራ ተረፈ ምርት ማስወገጃ ቦታ ሲመረጥ ጥንብ አንሣ አሞሮችንና ሌሎች ትላልቅ ወፎችን ወደ በረራ መስመር የሚስብ መሆን አለመሆኑ መታየት አለበት። የቦታ መረጣው ደግሞ የማዘጋጃ ቤትና የወረዳ አስተዳደር ውሳኔ እንጂ የአብራሪ አይደለም።

የፍተሻው ወሰን

የቅድመ በረራ ፍተሻ ሁሉንም አደጋ ያስቀራል ማለት እንዳልሆነ መገንዘብ ያስፈልጋል። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም ከቦሌ ተነሥቶ ከ6 ደቂቃ በኋላ የተከሰከሰውና የ157 ሰዎች ሕይወት ያለፈበት የበረራ ቁጥር 302 ቦይንግ 737 ማክስ አውሮፕላን ለዚህ ማሳያ ነው። አየር ከአውሮፕላኑ ክንፍ ጋር የሚገናኝበትን ማዕዘን በሚለካ አንድ መሣሪያ የተሳሳተ መረጃ ምክንያት ኤምካስ የተባለው ሥርዓት አውሮፕላኑን በተደጋጋሚ ወደ ታች ገፍቶታል። እንዲህ ያለው የዲዛይን ችግር በአውሮፕላን ዙሪያ በመዞር የሚገኝ አይደለም። መፍትሔው ከአምራቹና ፈቃድ ከሰጠው ተቆጣጣሪ አካል የሚጠበቅ በመሆኑም የአውሮፕላኑ ዓይነት በመላው ዓለም ከበረራ ታግዶ ቆይቷል።

ከዚህ የሚወጣው ቁም ነገር እያንዳንዱ የጥበቃ መስመር የየራሱ ድርሻ ያለው መሆኑ ነው። አምራቹ የሚያጠፋውን አብራሪ ላያየው ይችላል። በዓይን ሊታይ፣ በእጅ ሊነካና በቃል ሊነበብ የሚችለውን ግን ከአብራሪውና ከጥገና ባለሙያው በቀር የሚያየው የለም።

ኃላፊነትና የጋራ ድርሻ

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ በ1944 የቺካጎውን የሲቪል አቪዬሽን ስምምነት ከፈረሙት አገሮች አንዷ ናት። በስምምነቱ አባሪዎች መሠረት አውሮፕላኑ ለበረራ ብቁ መሆኑን፣ ክብደቱና ጭነቱ በአግባቡ መደልደሉን ሳያረጋግጥ በረራ መጀመር የሌለበት ዋናው አብራሪ ሲሆን፣ በአውሮፕላኑ ጉዳይ የመጨረሻው ውሳኔም የእርሱ ነው። በአገር ውስጥ የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ በመስጠትና በመቆጣጠር፣ ከ2009 ዓ.ም ወዲህ በአንድ ግሩፕ ሥር የተዋቀሩት አየር መንገዱና የአውሮፕላን ማረፊያዎች ደግሞ ሥራውን በማከናወን ኃላፊነት አለባቸው።

ይሁንና የመንግሥት ሠራተኛውና የሥራ ኃላፊውም በሁለት በኩል ድርሻ አላቸው። በመንገደኛነታቸው፣ ለፍተሻ ወይም ለጥገና የዘገየን በረራ ለማስነሣት ግፊት አለማድረግ፣ የያዙትን ሻንጣና ጭነት በትክክል ማስመዘንና ማስመዝገብ ይጠበቅባቸዋል። ከአሶሳ ማንጎና ማር ይዞ የሚመለስ መንገደኛ ያልተመዘነች አንዲት ከረጢት ለውጥ አታመጣም ብሎ ሊያስብ ይችላል። ሁሉም መንገደኛ እንዲሁ ካሰበ ግን አብራሪው የሠራው የክብደት ስሌት ከእውነታው ይርቃል። በአስተዳዳሪነታቸው ደግሞ የማረፊያ አጥርን ማስከበር፣ እንስሳት ወደ ሜዳው እንዳይገቡ ከነዋሪው ጋር መሥራት፣ ቃጠሎና ቆሻሻን መቆጣጠር በእጃቸው ያለ ሥራ ነው።

ስሕተትን ያለ ፍርሃት የማሳወቅ ልማድም የዚሁ አካል ነው። የዓለም አቀፉ ድርጅት እ.ኤ.አ በ2013 ያጸደቀው አባሪ 19 የደኅንነት አስተዳደር ሥርዓት የሚመሠረተው ጉድለት ጉዳት ከማድረሱ በፊት ሪፖርት በማድረግ ላይ ነው። መሸፈኛ ማንሣት ረስቶ ያስታወሰ ሠራተኛ ወዲያውኑ ተናግሮ በረራውን ቢያስቆም ሊመሰገን ይገባዋል። ቅጣት ፈርቶ ዝም ካለ ግን የሚቀረው የምርመራ ሪፖርት ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው የአበው ብሂል በዚህ ሙያ ቃል በቃል ይሠራል።

ቼክሊስቱ ላይ የሚደረገው ምልክትና በቴክኒክ መዝገቡ ላይ የሚያርፈው ፊርማ በየመሥሪያ ቤቱ ሰነድ ላይ ከሚያርፈው ፊርማ በቅርጽ አይለይም። የኤሮፔሩ፣ የሄሊዮስና የቤድፎርድ አውሮፕላኖች ለመነሣት ዝግጁ ናቸው ተብለው ነበር። ፊርማ ዋጋ የሚኖረው ፈራሚው የፈረመበትን ነገር በዓይኑ አይቶ፣ በእጁ ነክቶ ካረጋገጠ በኋላ መሆኑን አቪዬሽን በውድ ዋጋ ተምሮታል።